«ካልቃምኩ አልደፍርም፣ ከቃምኩ አልችልም»

የደረሰኝ ጥያቄ ረዘም ያለ ነበር፣ ማንነቱን የሚጠቁም ነገር አውጥቼ አሳጥሬዋለሁ፦

«28 ዓመቴ ነው፣ የምሰራው ኮምቦልቻ ነው ቤተሰብ ደሴ ነው ያለው። ስሜቴ ለወንድ ነው፣ ይሄን የሚያውቅ ሁለት ሰው ብቻ ነው። ጓደኛ አለኝ፣ ሁለት ዓመት ሆነን። የምንገናኘው ቅዳሜ ቅዳሜ ነው፣ ከሰዓት በርጫ እንቀመጣለን ማታ በአረቄ ጨብሲ እናረጋለን ከዛ ነው አብረን የምንሆነው። ካልቃምኩ አይኑን ማየት እንኳን አልደፍርም። ስቅም ደሞ ፍላጎቴ ይጨምራል ብልቴ ግን አይቆምም፣ ከቆመም መጨረስ አልችልም ሰዓታት ይፈጃል። አንድ ልጅ ትራማዶል ሰጥቶኝ አንዳንዴ እወስዳለሁ፣ ቪያግራም ሞክሬያለሁ። ባለፈው ወር ደሞ ከሌላ ሰው ጋር ነበርኩ፣ ኮንዶም ይኑር አይኑር አላስታውስም። ሰኞና ማክሰኞ መኖር ያስጠላኛል። ጫት ነው እንዲህ ያደረገኝ? ብተወው ለሴት ስሜት ይመጣልኛል? ስንፈተ ወሲብ ይዞኝ ይሆን? ውጭ ያሉት ጌዮች በድራግ ነው የሚያደርጉት ሲባል ሰምቻለሁ፣ የኛ ጫት ብቻ ስለሆነ ብዙም አይጎዳም አይደል?»

ከመጨረሻዋ ልጀምር። «ጫት ብቻ» ያልከው ልክ አደለም። እስቲ ራስህ የጻፍከውን ቁጠረው፣ ከሰዓት ጫት፣ ማታ አረቄ፣ አንዳንዴ ትራማዶል፣ አንዳንዴ ቪያግራ። በአንድ ቅዳሜ አራት ነገር፣ አራቱም ልብህንና ነርቭህን በየራሳቸው አቅጣጫ የሚጎትቱ። ውጭ አገር «ኬምሴክስ» የሚሉት ስሙ ትልቅ ሆኖ ነው እንጂ ነገሩ ይሄው ነው፣ ለወሲብ ብሎ ወይ በወሲብ ሰዓት እፅ መውሰድ። ለንደንና ሌሎች ትልልቅ ከተሞች ውስጥ ባሉ ጌይ ወንዶች ዘንድ የሚነሱት በዋናነት ሶስት ናቸው፣ ክሪስታል ሜት፣ ሜፌድሮን፣ እና ጂኤችቢ የሚባለው ፈሳሽ። ከሶስቱ ሜፌድሮን ማን መሰለህ? የካቲኖን ቤተሰብ ነው። ካቲኖን ደሞ ጫታችን ውስጥ ያለው፣ የሚያመረቅነን ራሱ ነው። ቅጠሉ ሲጠወልግ በሁለት ቀን አካባቢ ወደ ደካማ ዘመዱ ስለሚቀየር ነው ጫት ትኩሱ ካልሆነ ፊት የማይሰጠው። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ2010 ሜፌድሮንን ከለከለች፣ በ2014 ደሞ ጫትን። እርግጥ እያኘክ ቀስ ብሎ የሚገባውና በአፍንጫ በአንዴ የሚሳበው ዱቄት እኩል አይመቱም፣ ስለዚ ጫት ከነሱ ይቀላል ብትለኝ እሺ፣ አይጎዳም ብትለኝ ግን አልስማማም። ጂኤችቢ ግን እዚህ የለም ብለህ እንኳን ወደፊት አንድ ቀን ውጭ ብትወጣ እንዳትነካው፣ በሚሊ ሊትር ልዩነት ሰው ራሱን ስቶ የሚወድቅበት ነገር ነው፣ ከመጠጥ ጋር ደሞ ይገድላል።

በነገራችን ላይ ይሄን ስል አባቶቻችን ሀድራ ላይ ዱዓ እያረጉ የሚይዙትን ጫት እየነካሁ አደለም። እዛ ሰዓት አለው፣ ምርቃት አለው፣ የሚቆጣ ሽማግሌ አለው። ያንተ ቅዳሜ ቆጪ የለውም።

ጫት ነው እንዲህ ያደረገኝ ላልከው፣ አደለም። ጫት የስሜትን አቅጣጫ አይቀይርም፣ ከሴት ወደ ወንድም ከወንድ ወደ ሴትም። ቢቀይርማ ከባቲ እስከ ወልዲያ በርጫ የሚቀመጠው ህዝብ ምን ሊሆን ነበር። ጫት የሚያረገው ፍሬን ማላላት ነው፣ ውስጥህ የነበረውን ነው አፍ የሚያስከፍተው። የዓለም ጤና ድርጅትም ለተመሳሳይ ፆታ መሳብን እ.ኤ.አ. በ1990 ከበሽታዎች ዝርዝር አውጥቶታል፣ በሽታ ስላልሆነ መድሃኒትም የለውም፣ አለኝ የሚልህ ካለ ብርህን ፈልጎ ነው። ይሄን ደጋግሜ የምልህ ለክርክር አደለም፣ ለህክምናው ስለሚያስፈልግ ነው፦ «ልተወውና ለሴት ስሜት ይምጣልኝ» ብለህ ጫት ካቆምክ ሁለት ሳምንት ትታገስና ስሜቱ ሳይመጣ ሲቀር «ለካ ለምንም ነው» ብለህ ወደ በርጫው ትመለሳለህ። እንደዛ ብሎ አቁሞ በእጥፍ የተመለሰ አይቻለሁ። «አግባ ይለቅሃል» የሚልህ ዘመድም ይኖራል፣ የሰው ልጅ እንደ ኪኒን ታዞ አይሰጥም፣ ያቺ ልጅ ምን አረገች?

አሁን ዋናው ጋ እንምጣ። ፍላጎት ጣራ ነክቶ ብልት የማይነሳው ሁለቱ በአንድ መስመር ስለማይሄዱ ነው። ካቲኖን አንጎል ውስጥ ዶፓሚን ያስለቅቃል፣ ወሬው፣ ድፍረቱ፣ «ዛሬ ሁሉም ይቻላል» የሚለው ስሜት ከዛ ነው። ግን በዛው ቅጽበት ኖራድሬናሊንም ያስለቅቃል፣ እሱ ደሞ የሽሽትና የጠብ ኬሚካል ነው፣ ልብ ያስሮጣል፣ ግፊት ይጨምራል፣ የደም ስር ያጠባል። ብልት የሚቆመው ግን ተቃራኒው ሲሆን ነው፣ ሰውነት ረግቶ ደም ስር ተከፍቶ ደም ገብቶ እዛው ሲያዝ። ጅብ እያባረረው ብልቱ የቆመ ሰው ሰምተህ ታውቃለህ? ጫት ለአንጎልህ ሰርግ ነው የሚያወራለት ለሰውነትህ ግን ጅብ መጣ እያለው ነው። በርጫ ላይ ሽንትህ ቀጥኖ፣ ቆመህ ቆመህ አልመጣ ሲልህ አላስተዋልክም? እሱም የዚሁ መጨበጥ ነው። ጥቂት ቅመው «ኧረ እኔንስ ያበረታኛል» የሚሉ አሉ፣ ውሸታቸውን አደለም፣ በትንሹ ድፍረቱ ያመዝናል፣ በብዙውና በቆይታ ግን መጥበቡ ያሸንፋል። አለመጨረስህም ከዚሁ ነው፣ ላዩ ላይ አረቄውና ትራማዶሉ የነርቩን ስሜት ያደነዝዙታል። ሌሊቱን ሙሉ ቆየሁ ብሎ የሚፎክር ጓደኛ ካለህ አትቅና፣ ሶስት ሰዓት ፍትጊያ ማለት ቆዳ መላጥ ማለት ነው፣ ኮንዶም ይደርቃል ይቀደዳል፣ በተላጠ ቆዳ ደሞ ሁሉም ነገር ይገባል።

ስንፈተ ወሲብ ነው ወይ? ይሄን ራስህ መለየት ትችላለህ። ሳትቅም ባደርክበት ጠዋት ስትነቃ ብልትህ ይቆማል? ብቻህን ስትሆንስ? መልስህ አዎ ከሆነ ቧንቧው ደህና ነው፣ የተበላሸው ሁኔታው ነው። ለሳምንታት የጠዋቱም ከጠፋ ግን ጫት ነው ብለህ አትለፈው፣ ደም ግፊትና ስኳር ተለካ፣ የምትወስደው ሌላ መድሃኒት ካለ ንገራቸው። በ28 ዓመት ብዙ ጊዜ የሚገኘው የመጀመሪያው ነው።

እኔ ካንተ ጽሁፍ ውስጥ የያዘችኝ ዓረፍተ ነገር ሌላ ናት፣ «ካልቃምኩ አይኑን ማየት እንኳን አልደፍርም» ያልካት። ችግሩ እሷ ጋ ነው ያለው። ፍርሃት ራሱ አድሬናሊን ነው፣ ከውስጥ የሚፈላ ጫት በለው። ሰው ያየኛል፣ በር ይንኳኳል፣ እናቴ ትሰማለች፣ ጌታዬ ምን ይለኛል፣ ይሄ ሁሉ ተሸክመህ አልጋ ላይ ስትወጣ ሳትቅምም ብልትህ ላይነሳ ይችላል። ስለዚ ስትቅም ፍርሃቱ ዝም ይላል ደም ስሩ ይጠባል፣ ሳትቅም ደም ስሩ ደህና ነው ፍርሃቱ ያጠበዋል። ሁለቱም በር ተዘጋብህ ማለት ነው፣ አንተም አካሌ ተበላሸ ብለህ ደመደምክ። ኢላን ሜየር የሚባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2003 ይሄን ነገር በሰፊው ጽፎበታል፣ ስሙን የአናሳዎች ውጥረት ብለን ልንመልሰው እንችላለን፣ ሀሳቡ ቀላል ነው፦ ጌይ ሰዎች ላይ ጭንቀት፣ ድብርትና ሱስ በብዛት የሚታየው ተፈጥሯቸው ስለታመመ ሳይሆን ሁሌ ተደብቆ፣ ሁሌ ዙሪያን እየቃኙ መኖር ሰውን ስለሚበላው ነው። ደሴ ላይ ደሞ አስበው፣ ፒያሳ ላይ ያስነጠስክ እንደሆን ሆጤ ያለችው አክስትህ ይማርህ የምትልበት ከተማ ነው። ጫቱን የጀመርከው ለወሲብ አደለም፣ ከዚህ ለማረፍ ነው።

እና ሁለት ዓመት ማለት ወደ 100 ቅዳሜ ነው። 100 ጊዜ አንጎልህ የተማረው አንድ ትምህርት ነው፣ «እሱ ጋ የምደርሰው በጫት በኩል ነው»። አሁን የጫቱ ሽታ ራሱ ፍላጎት ይቀሰቅስብሃል፣ ያለሱ ደሞ ነገሩ ባዶ ይመስልሃል። ጓደኛህ የማያስደስት ሆኖ አደለም፣ በባዶ ሆድህ አይተኸው ስለማታውቅ ነው (አባባሌን ይቅር በለኝ)። ብዙ ሰው ሲያቆም የመጀመሪያው ችግሩ ይሄ ነው፣ ወሲብ ጠፍጣፋ ይሆንበታል፣ ለዘላለም የሆነ ይመስለዋል፣ አደለም፣ ጊዜ ነው የሚፈልገው።

ጨብሲውን በተመለከተ ትንሽ ልበል። ጫት ስካርን ይሸፍናል። ሳይታወቅህ ከወትሮው በእጥፍ ትጠጣለህ፣ ዳግም አረቄ ደሞ ወደ 45 በመቶ አልኮል ያለው ነው እንደ ድራፍት አደለም። ምርቃናው ሲወርድ ስካሩ ብቻውን ይቀራል፣ ያኔ ነው ትውስታህ የሚጠፋው። ያ ያላስታወስከው ሌሊት የሆነው በዚህ ይመስለኛል።

ከሁሉም የምፈራልህ ግን ትራማዶሉን ነው። ሰዉ ለቆይታ ነው የሚወስደው፣ እውነትም ያቆያል፣ ግን ከሞርፊን ወገን የሆነ የህመም መድሃኒት ነው፣ ሱስ ያስይዛል፣ ከመጠኑ ካለፈ አንዳንዴም በመጠኑ እንኳን የሚጥል ነገር ሊያመጣ ይችላል፣ እንቅልፍ አጥተህ፣ ጠጥተህ፣ አነቃቂ ቅመህ ከሆነ ደሞ ለመንቀጥቀጡ ራስህ መንገድ ጠረግክለት ማለት ነው። የድብርት መድሃኒት እንደ ፍሉኦክሰቲን ወይ ሰርትራሊን የሚወስድ ሰው ደሞ ጭራሽ መደባለቅ የለበትም። ከአልኮል ጋር ትንፋሽ ያዘገያል። ሌሊት ላይ ጫቱ ነቅቶ እያቆየህ ነው፣ ወደ 9 ወይ 10 ሰዓት ሌሊት ጫቱ ይወርዳል፣ ትራማዶሉና አረቄው ግን ገና ናቸው፣ ተኝተህ በዛው የመቅረት ነገር አለ። አጠገብህ የተኛው ሰው እያንኮራፋ ትንፋሹ ከራቀ፣ ቀስቅሰኸው ካልነቃ፣ ከንፈሩ ከጠቆረ፣ በጎኑ አስተኝተህ ቶሎ ሆስፒታል ውሰደው። ምን ነበራችሁ ሲሉህ «ጓደኛዬ ነው፣ ይሄን ይሄን ወስዷል» በቂ ነው፣ የወሰደውን ግን እንዳትደብቅ፣ ህይወቱ እዛ ላይ ነው ያለው።

ቪያግራው እንደሱ አያስፈራም ግን እንደ ከረሜላም አደለም። ፍላጎት አይሰጥም፣ ፍርሃትም አያጠፋም፣ ደም ስር ነው የሚያላላው፣ ጫቱ ያጠበውን እሱ ይከፍታል፣ በመሃል የሚሰቃየው ልብህ ነው። ለልብ ህመም ናይትሬት የሚባል መድሃኒት ከሚወስድ ሰው ጋር አይገናኝም፣ ውጭ አገር ፖፐርስ ብለው ከሚያሸቱት ነገር ጋርም አይገናኝም፣ ግፊት በአንዴ ወርዶ ሰው ይሞታል። የኤችአይቪ መድሃኒት የሚወስድና መድሃኒቱ ውስጥ ሪቶናቪር ያለበት ሰው (ሁለተኛ መስመር ላይ ያሉት ብዙ ጊዜ አላቸው) ቪያግራው ሰውነቱ ውስጥ በብዙ እጥፍ ስለሚከማች በ48 ሰዓት ከ25 ሚሊ ግራም እንዳያልፍ ነው የሚመከረው። ቆሞ ከ4 ሰዓት በላይ አልወርድ ያለ ብልት የሚሳቅበት ነገር አደለም፣ ድንገተኛ ክፍል ነው። እና እባክህ ከሱቅ ከኪስ አትግዛ፣ ውስጡ ምን እንዳለ ማንም አያውቅም።

አንድ ሰው የማያወራልህ ነገር ልንገርህ። ጫት ያደርቃል፣ ውሃ ሳትጠጣ ትውላለህ፣ ምግብ አይበላም፣ ሆድ ድርቀት ይመጣል፣ ድርቀቱ ኪንታሮትና የፊንጢጣ መሰንጠቅ ያመጣል። የሚቀበለው አንተም ሁን እሱ፣ በተሰነጠቀ ቦታ ላይ ግንኙነት ማድረግ ማለት በተከፈተ ቁስል ቫይረስ ማስገባት ማለት ነው፣ ትራማዶልና አረቄ ያደነዘዘው ሰው ደሞ ህመሙ አይሰማውም፣ ጠዋት ደም ሲያይ ነው የሚያውቀው። ህመም እኮ ዘበኛ ነው፣ ዘበኛውን አስክረህ ቤት አትከፍትም። ማለስለሻው ላይም ብዙዎች ይሳሳታሉ፣ ቫዝሊን፣ የጸጉር ቅባት፣ ቅቤ፣ ዘይት፣ እነዚህ ሁሉ የላቴክስ ኮንዶም በደቂቃዎች ውስጥ ያሳሳሉ። በውሃ የተሰራ ነው የሚሆነው፣ ፋርማሲ ውስጥ ለአልትራሳውንድ የሚጠቀሙበት ሳይሆን ለግንኙነት ተብሎ የተሰራውን ጠይቅ፣ ለማን እንደሆነ አይጠይቁህም፣ ባልና ሚስትም ይገዙታል።

ያላስታወስከው ሌሊት። ወር ስላለፈው ከተጋለጡ በኋላ የሚወሰደው የኤችአይቪ መከላከያ መድሃኒት ጊዜው አልፏል፣ እሱ በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ቶሎ በሆነ ቁጥር የተሻለ፣ ተጀምሮ 28 ቀን የሚወሰድ ነው። ለወደፊት እወቀው። እዚህ አገር በአሰራር በብዛት የሚሰጠው በስራ ላይ ለተወጋ የጤና ባለሙያና ለተደፈረ ሰው ነው፣ ቢሆንም ሄዶ መጠየቅ አይከለከልም፣ «ኮንዶም ተቀዶብኝ ነው» ማለት ይቻላል። በየቀኑ የሚወሰደው መከላከያ፣ ፕሬፕ፣ እሱም በዋናነት ለሴተኛ አዳሪዎችና አንዱ ቫይረሱ ላለበት ጥንድ ነው የተመደበው፣ ለናንተ የተከፈተ በር አለ ብዬ አልዋሽህም። ላንተ አሁን የቀረህ ምርመራ ነው፣ በዚህ ሳምንት ተመርመር፣ ከዛች ሌሊት 3 ወር ሲሞላ ድገም፣ ቂጥኝና ሄፓታይተስ ቢ ጨምረህ አሰራ፣ ሄፓታይተሱ ነጋቲቭ ከሆነ ክትባቱን ጀምር። ውጤቱ እስኪጣራ ከጓደኛህ ጋር ያለ ኮንዶም አይሆንም፣ እና ስለዛ ሰው ለሱ መንገር ይኖርብሃል፣ ይከብዳል አውቃለሁ፣ ግን ሳያውቅ እየተጋለጠ ያለው እሱ ነው። ፖዘቲቭ ብትሆን ደሞ የዓለም መጨረሻ እንዳይመስልህ፣ መድሃኒቱን በትክክል እየወሰደ ቫይረሱ በምርመራ የማይታይ ደረጃ የደረሰ ሰው በወሲብ አያስተላልፍም፣ ይሄ በጌይ ጥንዶች ላይ ራሱ ተጠንቷል፣ 782 ጥንዶች ያለ ኮንዶም እየኖሩ አንድም ከአጋሩ የያዘው አልተገኘም። ጫት እዚህም ይገባል፣ በርጫ ላይ የዋለ ሰው የኪኒን ሰዓት ያልፈዋል።

ስለዛችው ሌሊት አንድ ጥያቄ ልጨምር፣ ፈቅደህ ነበር? ራሱን የሳተ ሰው አይፈቅድም። አንተ ላይ ተደርጎ ከሆነ ጥፋቱ ያንተ አደለም፣ «ወንድ አይደፈርም» የሚባለው ወሬ ብቻ ነው። በተገላቢጦሹም፣ ጓደኛህ ሰክሮ ከተኛ ያ ሌሊት አልቋል፣ በቃ።

ምርቃና ላይ የሚለቀቅ አፍ ሌላው ጣጣ ነው። ምርቃና ምስጢር ያስተፋል፣ የማታውቀውን ሰው ወንድሜ ያስብላል፣ በስልክ የማይላክ ፎቶ ያስልካል። ያንተ ምስጢር ደሞ እንደሌላው ሰው ምስጢር አደለም፣ ብር አምጣ አለዚያ ለቤተሰብህ የሚል ሰው እጅ ከገባ ማለቂያ የለውም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ህግ አንቀጽ 629 በተመሳሳይ ፆታ መካከል የሚፈጸም ግንኙነትን በቀላል እስራት ያስቀጣል፣ ስሜቱን ሳይሆን ድርጊቱን ነው የሚቀጣው፣ ይሄን የምልህ ለማስፈራራት አደለም፣ ስልክህን በምርቃና ሰዓት አጥፋው ለማለት ነው። ዜጋ (ጌይ ለማለት ነው) ነን የምትባባሉት ልጆች እርስ በርስ መጠባበቃችሁ ጥሩ ነው፣ ግን ዜጋ የሆነ ሁሉ ወዳጅ አደለም።

ሰኞና ማክሰኞ መኖር ያስጠላኛል ያልከውን ሁለት ቦታ ክፈለው። አንዱ ኬሚካል ነው፣ ቅዳሜ የተበደርከው ዶፓሚን ሰኞ ይከፈላል፣ እንቅልፍ የለም፣ ምግብ የለም፣ አረቄው አለ፣ ማንም ቢሆን ይጨልምበታል። ይሄኛው ወደ ረቡዕ ይለቃል። ሌላው ግን ከቅዳሜ በፊትም የነበረ፣ ማንም ሳያውቅህ መኖር ያመጣው ሀዘን ነው፣ እሱ ረቡዕም አይለቅም። መኖር አስጠላኝ ስትል ራሴን ላጥፋ የሚል ሀሳብ ካለበት፣ በተለይ እንዴት እንደሆነ ካሰብክበት፣ ይሄን ጽሁፍ አቁመህ ምስጢርህን ከሚያውቁት ሁለት ሰዎች አንዱ ጋ ዛሬውኑ ደውል፣ ብቻህን አትደር፣ አቅራቢያህ ያለ ሆስፒታል የአእምሮ ክፍል ወይ ድንገተኛ ሂድ። ማንነትህን ሳትናገር «ራሴን ላጠፋ እያሰብኩ ነው» ማለት ብቻ ይበቃል።

ጤና ተቋም ስትሄድ ሁሉንም መናገር አለብኝ ብለህ አትጨነቅ። ለኤችአይቪ ምርመራ የአጋርህ ፆታ አያስፈልግም። ፊንጢጣ ላይ ህመም፣ መግል፣ ደም ካለ ምልክቱን ተናገር፣ ምልክቱን መደበቅ ነው ህክምናውን የሚያበላሸው። ባለሙያው ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለበት፣ ግን ግዴታ ያለበት ሁሉ ይጠብቃል ብዬ አልምልልህም፣ ስለዚ ካርድ ክፍል ዘመድ ካለህ ከተማ ቀይር፣ የኮምቦልቻው ደሴ፣ የደሴው ወልዲያ፣ ትራንስፖርቱ ካንቅልፍ ማጣቱ ይረክሳል። ጫትና መጠጡን ግን ሳትቀንስ በትክክለኛ መጠኑ ተናገር፣ ለዛ የሚያፍርብህ የለም፣ ወሎ ነን።

እንግዲህ ምን ታድርግ? የኔ ምክር ይሄ ነው። ትራማዶሉን ለወሲብ መውሰድ ዛሬ ያበቃል። ቪያግራውም ለጊዜው ይቅር። ከዛ ለ6 ሳምንት ጫትንና መጠጥን ከወሲብ ለያቸው፣ ጨርሶ ልታቆም ብትችል እሰየው፣ ካልቻልክ ግን የቃምክበት ወይ የጠጣህበት ቀን የወሲብ ቀን አይሁን፣ ይሄ አይነካካም። ጫት ድንገት ቢቆም አካልን አይጎዳም፣ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ሀራራ፣ ድካም፣ እንቅልፍ፣ ሌሊት ዱካክ ይኖራል፣ ያልፋል፣ አብሽር። መጠጥ ግን በየቀኑ ጠዋት ካልጠጣሁ እጄ ይንቀጠቀጣል የምትል ከሆነ በራስህ ድንገት እንዳታቆም፣ ሀኪም ያስፈልጋል።

እና ቅዳሜውን ባዶ አትተወው፣ ባዶ ቅዳሜ በርጫ ነው የሚሞላው። ከጓደኛህ ጋር ተገናኙ፣ ግን ሳትቅሙ፣ ወደ ሐይቅ ሂዱ አሳ ብሉ፣ ሰው ሁለት ወንድ አብሮ አሳ ሲበላ ቢያይ ምንም አይለውም። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሶስት ጊዜ ወሲብ አይኑር፣ ቀድማችሁ ተነጋገሩበት፣ መቀራረብ፣ አብሮ መተኛት፣ ማውራት ብቻ። ብልትህ ቢቆምም ባይቆምም ፈተና የለም። ይሄ የማወራው ተረት እንዳይመስልህ፣ የወሲብ ህክምና ውስጥ ለባልና ሚስት የሚታዘዘው ራሱ ነው፣ የመውደቅ ፍርሃትን የሚያወጣው የመፈተኑ መቅረት ነው። መጀመሪያ ትደነግጣለህ፣ እሱም ይደነግጣል፣ ሁለት ዓመት አብራችሁ ኖራችሁ ሳትመረቅኑ አልተያያችሁማ። ምናልባት ያለ ጫት የምትወያዩት ነገር እንደሌለ ታገኙት ይሆናል፣ እሱም ቢሆን ማወቁ ይሻላል። ካልተስማማ፣ «ካልቃምን አይሆንም» ካለህ፣ ያኔ ግንኙነቱ ከማን ጋር እንደነበረ አስብበት፣ ካንተ ጋር ነው ከበርጫው ጋር።

ከ6 ሳምንት በኋላ ፍርሃቱ እንደነበረ ከሆነ፣ ወይ የጠዋቱ ካልተመለሰ፣ ወይ ወደ ጫቱ ከተመለስክ፣ ያኔ የአእምሮ ጤና ባለሙያ ያስፈልግሃል፣ ለጭንቀቱ ህክምና አለው፣ ጭንቀት ስለምን እንደሆነ በመጀመሪያው ቀን መናገር አይጠበቅብህም።

አንድ ነገር አልነገርከኝም፣ ትራማዶሉን «አንዳንዴ» ያልከው ስንት ነው? ቅዳሜ ብቻ ከሆነ ያልኩህን አርግ። በሳምንት አራት አምስት ቀን ወይም በየቀኑ ከሆነና ከወራት በላይ ከቆየህ ግን ዛሬ ያበቃል ያልኩትን ተወውና በድንገት አታቁመው፣ ላብ፣ ቁርጥማት፣ ተቅማጥ፣ አንዳንዴም የሚጥል ነገር ስለሚመጣ መጠኑን ቀስ እያረገ የሚያወርድልህ ሀኪም ጋ ነው መጀመሪያ የምትሄደው። ስንት ሚሊ ግራም በቀን ስንቴ እንደሆነ ጽፈህ ላክልኝ።